ሳትተኛበት አታከራይ

«እህቴ እኮ ናት፤ እህት ደግሞ ምን ትጠየቃለች? ክፍሉን ታያለች፣ ትንሽ ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትፈርማለች» ሲል ሰማሁት አጎቴን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ የዕቃ ሊፍቱ አጠገብ ቆሞ። የሚያወራው ከጠበቃው ጋር ነው። እኔ ትራስ ከተቆለለበት ጋሪ ጀርባ ነበርኩ፤ ሠላሳ ስድስት ትራስ አንዲት ሴት ሙሉ በሙሉ እንደሚሸፍን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ጠበቃው ጠንቃቃ ሰው ስለሆነ፣ ለማንኛውም አስቀድመን ብናማክራቸው አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። አጎቴ ሳቀ። «አንተ እህት የለህም መሰለኝ» አለው። እህት የተባለችው እናቴ ናት። የሚፈረመው ደግሞ ቤቷ ነው።

ቤቱ ከአዲሱ ሆቴል አጥር ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ፣ ባለ አንድ ፎቅ፣ አስራ አንድ ክፍል ያለው ፔንሲዮን ነው። ከሆቴሉ አስረኛ ፎቅ ቁልቁል ሲያዩት ጣሪያውና ግቢው ላይ የተሰጣው አንሶላ ብቻ ነው የሚታየው። እናቴ ሠላሳ ሦስት ዓመት አከራይታበታለች። ሆቴሉ ውስጥ የአንድ ሌሊት ዋጋ በእኛ ቤት አንድ ወር ያስቀምጣል፤ ፎጣና ሳሙና ጨምሮ። የሆቴሉ ሎቢ ላይ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ፣ የሆቴሉ ትንሽ ሞዴል ተቀምጧል። ዛፎቹ ከስፖንጅ የተቆረጡ ናቸው፣ መኪኖቹ ከጥፍር ያንሳሉ። ሞዴሉ ላይ የእናቴ ቤት የለም። በቦታው ክብ የመኪና መዞሪያ፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሰማያዊ ፏፏቴ አለ። የክፍልና የሎቢ ጽዳት ኃላፊ እኔ ነኝና ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ሳጥኑን ከፍቼ ፏፏቴውን በለስላሳ ጨርቅ ስወለውል ከርሜያለሁ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ወንድምና እህት ናቸው፣ ይነጋገራሉ፣ ምን አገባኝ እያልኩ ነበር። ከትራሱ ጀርባ ቆሜ ነው እንዳልተነጋገሩ የገባኝ።

አጎቴን ጋዜጦች «የእንቅልፍ ሊቅ» ይሉታል። ሰባት ሆቴልና ሦስት የመኖሪያ ሕንፃ አለው። ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንፃ ላይ ቤት ሲሸጥ ለገዢው፣ ፀሐይ በስንት ሰዓት በየትኛው መስኮት ገብታ ትራሱ ላይ እንደምታርፍ ይነግረዋል። ሕንፃው ሲያልቅ ፀሐይዋ በተባለው ሰዓት በተባለው መስኮት ትገባለች። ዋሽቶ አያውቅም፣ ይህን ልመሰክርለት እችላለሁ። የጀመረው የእናቴን አንሶላ በማጠፍ ነው። ከዚያ ትልቅ ሆቴል ክፍል አጽጂ፣ ከዚያ እንግዳ ተቀባይ፣ ከዚያ ማንም ያልፈለገውን አሮጌ ሕንፃ ተከራይቶ የራሱን ከፈተ። የታወቀው ግን በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሞቀ አንሶላ ነው። በሱ ሆቴሎች እንግዳው ከመተኛቱ በፊት አልጋው የሚነጠፈው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ቁም ሣጥን ውስጥ በሞቀ አንሶላ ነው፤ ቁም ሣጥኑ ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣው፣ ሲበላሽ የሚጠግነውም ከዚያው ይመጣል። «እህቴ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ትተኩስልኝ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት እጄን ስሰድ አንሶላው ይሞቅ ነበር» ይላል ለጋዜጠኛ ሁሉ። ሁለተኛው ደግሞ ሆቴል ከመክፈቱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ራሱ ተኝቶ መሞከሩ ነው።

ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በቀን አራት ክፍል። ጫማውን ያወልቃል፣ ከረባቱን አያወልቅም፣ ይጋደማል። ሲነሳ ከኪሱ ትንሽ ደብተር ያወጣና ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ድምፁ፣ ስለ ሽታውና ስለ ትራሱ ይጽፋል፤ መጨረሻ ላይ «ያሳድራል» ወይም «አያሳድርም» ብሎ ይፈርድበታል። አያሳድርም የተባለ ክፍል ይፈርሳል። አንዴ በውሃ ፓምፕ ድምፅ ምክንያት አርባ ክፍል በአንድ ሳምንት ጥሎ መሐንዲሱን አስለቅሷል። ሚስቱም በዚሁ የተነሳ ነው የሄደችው ይባላል፤ እሱ ምክንያቱ ሌላ ነው ይላል፣ ሌላው ምን እንደሆነ ግን አይናገርም። ሕጉም፣ ፍርዱም የእናቴ ነው። በእኛ ቤት አዲስ ፍራሽ ሲገባ፣ ግድግዳ ሲቀባ፣ መስኮት ሲቀየር፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ሳይተኛበት ክፍሉ አይከራይም። «ሳትተኛበት አታከራይ፤ እንግዳ ገንዘቡን ይሰጥሃል፣ እንቅልፉን ግን አደራ ነው የሚሰጥህ» ትለው ነበር በልጅነቱ። ጋዜጣ ላይ ይህችን አባባል የራሱ አድርገው ጽፈውለታል። እናቴ አንብባው፣ ፎቶው ጥሩ ነው ብላ ዘግታዋለች።

ጠበቃው ሲሄድ አጎቴ ጠራኝና የምድር ቤቱ ኮሪደር ጫፍ ወሰደኝ። እዚያ ሦስት ሳምንት የተቆለፈ በር አለ። ካርድ ሳይሆን ቁልፍ አወጣ፤ እንጨት ቁራጭ የተንጠለጠለበት፣ እንደኛ ቤት። በሩ ሲከፈት ክው ነው ያልኩት። ቁጥር አራት ነው። የእኛው ቤት ቁጥር አራት፣ ከነብረት አልጋው፣ ከነጫፉ የተላጠ የማስታጠቢያ ሳህኑ፣ ከነቢጫ አበባ መጋረጃው። ጠረጴዛው ላይ የካውያ ጠባሳ እንኳ አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ በቀጭን ብሩሽ የሚሥል ሰው ቀጥሯል። አልጋው በግራ በኩል ሲቀመጡበት ሲጥ ይላል፤ ያን ድምፅ በትክክል ለማምጣት አናጢው ሦስት ጊዜ ተመላልሷል፣ እሱም አልጋውን ሦስት ጊዜ ተኝቶበታል። «የእናትሽ ክፍል» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «እኔ ከወጣሁ በኋላ የገባችበት። ከእንግዲህ አታጥብም፣ አትተኩስም፣ ለማንም በር አትከፍትም። እስከ ዕድሜዋ ፍጻሜ እዚሁ አጠገቤ ትኖራለች። ዛሬ ትፈርም፣ ነገ የዚህ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ አንቺ ነሽ።»

ቁጥር አራት አንድም ቀን የእናቴ ክፍል ሆኖ አያውቅም። የሱ ነበር። አባቴ ጥሎን ሲሄድ እናቴ አንድ ጡት የሚጠባ ሕፃንና አስራ አንድ ክፍል ይዛ ቀረች፤ ሕፃኗ እኔ ነበርኩ። የአስራ አራት ዓመት ወንድሟ ከወላጆቻቸው ቤት ለትምህርት ሲመጣባት ፀጥ ያለውንና የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ሰጠችው። አስሩን አከራየች። እኛ የምንተኛው ከደረጃው ሥር፣ የአንሶላ ማስቀመጫው ውስጥ ነበር፤ በመደርደሪያው ሥር በተነጠፈች ቀጭን ፍራሽ ላይ፣ በሩን ዘግተን። ይህን እንዳያውቅ ደግሞ እናቴ አንድ ነገር ታደርግ ነበር። ማታ ማታ እሱ ክፍል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትራስ ስትሰፋ ታመሽና «በል ደህና እደር» ብላ፣ እኔን አቅፋ፣ ድምፅ እያሰማች ደረጃውን ትወጣለች። ፎቅ ላይ ቆመን እንጠብቃለን። የሱ በር ሲዘጋ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች። ስምንት ዓመት ሙሉ በየማታው ወጥተን ወርደናል። እግር ካወጣሁ በኋላ ራሴ መውጣት ጀመርኩ፤ ሌላው ሰው ሁሉ ከመተኛቱ በፊት ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ይመስለኝ ነበር።

እዚያ የተሳለ ስንጥቅ ፊት ቆሜ ይህ ሁሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሼ፣ ክፍሉ የእሷ አይደለም ማለት ብቻ ነው የሚቀረኝ፤ አምስት ቃል አይሞላም። ግን ሥራ አስኪያጅ የሚለው ቃል ቀድሞ ገባ። አስራ አንድ ዓመት የሰው ፀጉር ከመታጠቢያ ገንዳ ለቅሜያለሁ። የራሴ ቢሮ፣ በሩ ላይ ስሜ፣ ታየኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዝም አልኩ። መጋረጃው በጣም ይመሳሰላል አልኩት። አፍሬያለሁ፣ ግን ማፈሬ ከማለት አላገደኝም።

እናቴን እንዳመጣ ትልቁን ጥቁር መኪና ከነሾፌሩ ሰጠኝ። ከሆቴሉ በር እስከ እኛ በር በእግር ሦስት ደቂቃ ነው። መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚነዳ በመኪና ሃያ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰፈሩን ሁሉ ዞረን፣ ሁለት መብራት ጠብቀን፣ መጀመሪያ ከነበርንበት ሁለት መቶ እርምጃ ርቀን ቆምን። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኼ ነው። እናቴ ግቢው ውስጥ አንሶላ እያሰጣች ነበር። ወንድምሽ አዲሱን ሆቴል እንድታዪለት ይፈልጋል አልኳት። ሁልጊዜም ከመክፈቱ በፊት ትመጣለታለች፣ አንድ ክፍል ትተኛበታለች፣ ፍርዷን ትሰጣለች፤ ይህ ሰባተኛው ነው። ቁጥር ዘጠኝ የነበረው ሻጭ ጠዋት እንደለቀቀ፣ የክፍሉ ቧንቧ አሁንም እንደሚያንጠባጥብ፣ የሳሙና ዋጋ እንደገና እንደጨመረ ነገረችኝ። የቀረውን አንሶላ አንድ ላይ አሰጣን። ሽርጧን ሳታወልቅ ኮት ደርባ መኪናው ውስጥ ገባች። ስለ ሌላ ነገር አላወራንም። ስንመለስ መንገዱ አጭር ነበር፤ ያም ሆኖ ረዘመብኝ።

ሎቢው ውስጥ ቀጥ ብላ ወደ ሞዴሉ ሄደች። መነጽሯን አደረገች። ሕንፃውን አየች፣ የስፖንጅ ዛፎቹን አየች፣ በጣቷ አጥሩን ተከትላ መጣችና ቆመች።

«እኛ የት ነን?» አለችኝ።

«ፏፏቴው ጋ» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ለረጅም ጊዜ ፏፏቴውን አየችው። እንደምትጮህብኝ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ንጹሕ ነው። ማነው የሚወለውለው?» አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና መነጽሯን አወለቀች።

አጎቴ ከረባቱን አስተካክሎ በሩ ላይ ይጠብቃታል፤ ጠበቃው አቃፊውን ደረቱ ላይ ይዞ ከኋላው ቆሟል። አጎቴ ጉንጯን ስሞ፣ ዓይኗን በመዳፉ ሸፍኖ አስገባት፤ ስልሳ ዓመት የሞላትን ሴት። መዳፉን ሲያነሳ አላለቀሰችም። ሥራዋን ጀመረች። ጣቷን በአልጋው ራስጌ ጀርባ አሳለፈችና አየችው። ትራሱን አሸተተች። የፍራሹን ጥግ አንስታ ሥሩን ተመለከተች። ስንጥቁን በጥፍሯ ነካ አደረገች፣ ቀለም መሆኑ ሲገባት ቅንድቧን አነሳች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ተጋደመችና ዓይኗን ጨፈነች። አልጋው ሲጥ አለ። አስር ደቂቃ ያህል ተኛች። ሰባት ሆቴል ያለው ሰው ፈተና ወረቀቱ እየታረመ እንዳለ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«ያሳድራል» አለች ተነስታ። አጎቴ በረጅሙ ተነፈሰ። ጠበቃው የብዕሩን ክዳን ከፈተ። «ልክ እንደዚሁ ነበር» ብላ ቀጠለች፣ ጫማዋን እያሰረች። «የካውያው ጠባሳ ብቻ ወደ ቀኝ ነበር። ጥሩ ክፍል ነው፤ እዚህ የነበረው ልጅ ጎበዝ ተማሪ ነበር።»

«ያንቺ ክፍል ነው እኮ እታለም» አላት። «እኔ ስወጣ የገባሽበት።»

«አንተ በወጣህ ማግስት አከራየሁት። አንድ መምህር ሦስት ዓመት ኖረበት።»

አጎቴ ፈገግ እንዳለ ቀረ፤ ፈገግታው ምን እንደሚደረግበት ግራ የገባው ይመስል ነበር። «ታዲያ አንቺ የት ነበርሽ?» አላት። እናቴ የጫማዋን ማሰሪያ አጠበቀች። አጎቴ እኔን አየኝ፤ እኔ ማስታጠቢያ ሳህኑን አየሁ። ጠበቃው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እመቤት ይህ ዝርዝር በኋላ ሊታይ ይችላል፣ ሰነዱ ግን ዛሬ ቢያልቅ መልካም ነው የሚል ነገር ተናገረ። እናቴ በትሕትና ዞረችለት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፣ አንቱ ሞኝ አይደሉም፣ ወረቀቱን ግን ትንሽ ይያዙልኝ አለችው። ከዚያ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋን አላነሳችም።

«አስራ አንድ ክፍል ነው። ስንቱ ላይ ተኝተሃል?»

«አንዱ ላይ።»

«ሳትተኛበት አታከራይ ብዬ ነው ያሳደግሁህ። ሳይተኙበት ማፍረስ ከየት መጣ?»

ይህን ብላ በዕቃ መግቢያው በር ወጥታ በእግሯ ሄደች። ሦስት ደቂቃ።

ከምሳ በኋላ አጎቴ ከባንክ ሰዎች ጋር የነበረውን ቀጠሮ ሰረዘ። እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ነይ አለኝና ወጣን፤ ጠበቃው በመኪና ይከተለን ተባለና ዙሩን ጀመረ። እኛ በእግር ነው የሄድነው። ሆቴሉ ውስጥ «እርስዎ» እለዋለሁ፣ ቤት «አንተ»፤ መሀል መንገድ ላይ የቱ እንደሚሻል ስለማላውቅ ዝም እላለሁ። ደረስን። እናቴ መግቢያው ላይ ያለው ጠረጴዛዋ ጋ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ታጥፋለች። ቁልፎቹን አንስታ ለእኔ ሰጠችኝ። ሲመጣ ሁልጊዜ እዚሁ ጠረጴዛ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰዓቱን አይቶ፣ ይሄዳል። ኮሪደሩን አልፎ ከገባ ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም።

ክፍሎቹን አንድ በአንድ አየ። ቁጥር አንድ ሁለት ወንድማማች ሾፌሮች አሉበት፤ ተኝተው ነበር፣ ይቅርታ ብሎ ዘጋ። ቁጥር አራት አንዲት ነርስ አለችበት፤ በሩን ከፍታ ምን ልርዳህ ስትለው ከእሷ ትከሻ በላይ ስንጥቁን አየና አመሰገናት። ፎቅ ወጣን። ማታ ማታ እናቴ የምትገባበት ይመስለው የነበረው ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር አስራ አንድ ነው። ከፈትኩለት። አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖረውበታል፣ ከእሳቸው በፊት ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት የሆስፒታል ሲስተሮች ነበሩ፤ ሽማግሌው ራሳቸው ቆጥረው ነገሩት። አስራ አንዱም ክፍል አለቀ። ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ እንደገና በጣቱ ቆጠረ፤ አስራ አንድ ነው።

«አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ።

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅከኝም» አልኩት፤ የሆቴሉን የሥራ ልብስ ለብሼ «አንተ» ያልኩት የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከዚያ ሆዴ አልችል አለኝና የቀረውን ጨመርኩለት። ጠዋት ክፍሉን ስታሳየኝ ልነግርህ እችል ነበር፣ ሥራ አስኪያጅ መሆን ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ዋጋው ተገቢ የሆነ ዕቃ እንዳየ ሰው ራሱን ነቅነቅ አደረገ። ያ ከቁጣው ባሰብኝ።

ደረጃውን ሲወርድ መጨረሻው እርከን ላይ ቆመ። ከግራው፣ ወገቡ ላይ የምትደርስ ዝቅተኛ የእንጨት በር አለች። በልጅነቱ ስምንት ዓመት፣ በየጠዋቱ፣ ቀድማን የተነሳችው እናቴ በሯን ገርበብ አድርጋ ስትተውለት፣ እጁን ሰዶ አንሶላ የሚያወጣባት በር ናት። ሙሉ በሙሉ ከፍቷት አያውቅም፤ አንሶላው በሩ አፍ ላይ ነበርና የሚያስከፍት ነገር አልነበረም። አሁን ከፈታት። መደርደሪያው እንዳለ ነው፣ የታጠፈው አንሶላ እንዳለ ነው፣ ከሥሩ ቀጭኗ ፍራሽ፣ ትራስ፣ አንድ አሮጌ የንባብ መነጽር፣ የግድግዳ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ የሴት ሹራብ። እናቴ እስከዛሬም እዚያው ነው የምትተኛው። ስንት ጊዜ ለምኛታለሁ፤ እንቅልፌ ቦታውን ለምዷል፣ ሌላ ቦታ ብወስደው ይጠፋኛል ነው መልሷ። አጎቴ ሹራቡን አየ። ጫማውን አወለቀ። ከረባቱን ሳያወልቅ ተንበርክኮ ገባና በሩን ከውስጥ ዘጋው።

ሁለት ሰዓት ቆየ። እኔና እናቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠን የትራስ ልብሱን አጥፈን ጨረስን። ነርሷ ወደ ሥራ ወጣች። ሾፌሮቹ ወርደው ሂሳብ ከፈሉ። ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ አንዴ ወረዱ፣ አንዴ ወጡ፤ እግራቸው ደረጃውን ሲመታ የዝቅተኛዋ በር መቀርቀሪያ ይንቀጠቀጣል። ሰውዬው እዚያ ውስጥ አይታፈንም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አንቺ ታፍነሻል ወይ አለችኝ። አልታፈንኩም።

አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተከፈተ። በጉልበቱ ወጣና ወገቡን ይዞ ቆመ፤ ሱሪው አቧራ ሆኗል፣ ፀጉሩ በአንድ በኩል ተጋድሟል። ደብተሩ እጁ ላይ ነው። ከደብተሩ ሥር አንድ የታጠፈ አንሶላ ደረቱ ላይ ይዟል፣ ከመደርደሪያው ያነሳውን። የእናቴ ጠረጴዛ ፊት መጥቶ አንሶላውን አስቀመጠው። እጄን አኖርኩበት። ይሞቃል። ትንሽ ቦታ ነው፣ በሩ ሲዘጋ የሰው ትንፋሽ መውጫ የለውም።

«አልተተኮሰም ነበር» አለ።

«ጎህ ሳይቀድ ማን ይተኩሳል?» አለች እናቴ።

ደብተሩን ገለጠ። ጣቱን መስመሩ ላይ አደረገ። ብርሃን የለውም አለ። እግር አይዘረጋም። ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ ሁሉ ራስ ላይ ይሄዳል። «ማታ ማታ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲወርድ ይሰማኝ ነበር» አለ፣ ከደብተሩ ዓይኑን ሳያነሳ። «እንግዳ ይመስለኝ ነበር። ተነስቼ አይቼ አላውቅም።» ገጹን ዘጋው። «እታለም፣ ያ ክፍል አያሳድርም።»

«አሳድሮናል» አለችው።

አጎቴ አለቀሰ። ፊቱን አልሸፈነም፣ ዝም ብሎ ቆሞ ነው ያለቀሰው፤ እናቴም ጠበቀችው፣ ባልዲ እስኪሞላ እንደሚጠበቅ። እኔም አለቅሳለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ሲበቃው በመዳፉ ፊቱን ጠረገና ቀና አለ።

«ቤቱን ትሸጪልኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«አልሸጥልህም።»

«እሺ» አለ። ኮቱን አስተካከለ። «ቁጥር አራት ባዶ ነው?»

«ተይዟል። ቁጥር ዘጠኝ አለ፤ ቧንቧው ያንጠባጥባል።»

«እሱን ስጪኝ።»

እናቴ መሳቢያዋን ከፍታ የእንግዳ መዝገቡን አወጣች፣ መነጽሯን ከኮቷ ኪስ ፈልጋ አደረገች፣ እጇን ዘረጋች። «መታወቂያ» አለችው። ኪሱን ሁሉ ዳብሶ አገኘና ሰጣት። ያሳደገችውን ልጅ ስም ከመታወቂያው ላይ እያየች፣ ፊደል በፊደል፣ ቁጥሩንም ሳትዘል ገለበጠችና መዝገቡን ወደ እሱ አዞረችለት። ቁርስ የለንም፣ ሙቅ ውሃ እስከ ሁለት ሰዓት ነው አለችው። አውቃለሁ አለ። የሞቀውን አንሶላ ለእኔ ሰጠችኝ፣ ቁጥር ዘጠኝን አንጥፊ ብላ። ሥራ አስኪያጅነቴ እዚያው ላይ አለቀ፤ ያን ጊዜ አላስታወስኩትም።

አንጥፌ ስወርድ ውጭ ጥሩምባ ተነፋ። ጥቁሩ መኪና በራችን ላይ ቆሟል፤ ዙሩ እንዲያ አልፈጀበትም፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚያው ሲጠብቀን ቆይቶ ነው። ጠበቃው መስኮቱን ዝቅ አደረገ፣ አቃፊው ጉልበቱ ላይ ነው፣ ብዕሩ ክዳኑ ተከፍቷል።

«ፈረሙ?» አለኝ።

«እሷ አልፈረመችም» አልኩት። «እሱ ፈርሟል።»

«ምን ላይ?» አለ ደንግጦ።

«ቁጥር ዘጠኝ ላይ» አልኩት፣ አንሶላ ለማንሳት ወደ ግቢው እየሄድኩ።